አመድ አፋሽ

ካዛንቺስ ጫፍ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ አለሁ፤
አፈር እነፋለሁ፣ አፈር እለካለሁ።
ሰኔ ሲገባ፣ በአውቶቡስ፣ ከወላይታ አረካ፣
አንድ ከረጢት መጣ፣ ቀለሙ የሚያረካ፤
ወረቀት አዝሎ፣ በእርሳስ የተጻፈ፦
«የበቆሎዬ ቅጠል ዳር ዳሩን በእሳት እንደ ተገረፈ
ሆነብኝ። ምን ጎደለው? ላላንጎ።»

ፖታሺየም ይመስላል። ቢመስልም አልጽፍም፤
ሳይለኩ «ግዛ» ማለት ከዕዳ አያተርፍም።

አንዱን ማንኪያ አሞኒየም አሲቴት ጨመርኩበት፣
ግማሽ ሰዓት ናጥኩት፣ አጠለልኩት፤
ነበልባሉ ሐምራዊ ብልጭ አለ፣
መርፌው ሥልሳ ሁለት ላይ ቆሞ «ድሃ ነው» አለ።

ሁለተኛውን በሜሊክ፣ በአሲዶች ቅልቅል፣
አምስት ደቂቃ። ሰባ አንድ። ያው ድሃ ነው በል።

ሦስተኛውን በናይትሪክ አሲድ አፈላሁት፤
ጭስ መሳቢያው እያቃሰተ፣
አራት መቶ አሥር።
ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ለካሁት።
አራት መቶ አሥር።

ዶክተር ሰይፈ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«የቱን ልጻፍለት?» ብለው፣ ጥቂት ዝም ብሎ፦
«ሦስቱም አልዋሹሽም። ሁለቱ የአፈሩን ኪስ ዳበሱ፤
ሦስተኛው ሣጥን ሰበረ፣ ከሸክላው ንጣፎች መሃል
የተቆለፈውን አወጣ። ሥር ግን ሌባ አይደለም፤
የሰጡትን ይበላል።»

ቅጹ ላይ ያለችው ክፍት ቦታ ለአንድ ቁጥር ብቻ ናት።

ከመስኮቴ ሥር ኤክስካቫተር ይቆፍራል።
ያደግሁበት ግቢ እዚያ ነበር።
ትናንት በምሳ ሰዓት ወርጄ፣
ትብለጥ አርባ ዓመት የምድጃዋን አመድ
ከደፋችበት ጥግ፣ ከአጥሩ ሥር፣
አንድ እፍኝ ይዤ ተመለስኩ።
አሲቴቱ ብቻውን በቃ፤ መርፌው ዳር ወጣ፣
አሥር ጊዜ አቅጥኜ ነው ቁጥሩ የመጣ።

የሰው ልጅ አሳድጋ፣ የሰው አራስ ጠይቃ፣
«እጄ አመድ አፋሽ ነው» ትል ነበር፣ ስቃ።
ሰፈሩ ከፈረሰ ወዴት እንደ ሄደች የሚነግረኝ የለም፤
አመድ ማፈስ እንዲህ መሆኑን አልነገርኳትም።

ለላላንጎ ሥልሳ ሁለት ጻፍኩ፣ ማኅተም መታሁ።
ከወረቀቱ ጀርባ፣ እኔም በእርሳስ፦
«የቤትህን አመድ አትድፋ።»

በባዶ የቀለም ጣሳ፣ በእሱ አፈር የዘራሁት በቆሎ
መስኮቱ ላይ ነው፤ ገና ሁለት ቅጠል።
ጠዋት ጠዋት ካፖርቴን ሳልለብስ በፊት
ዳር ዳሩን አየዋለሁ።