ጀርባዋን ነው ያነሳሁት

አስር ተኩል ሲሆን ነው ብርሃን የሚገራው፤
ከዚያ በፊት የድሬ ፀሐይ፣ ካርድ ላይ ሲያርፍ መስታወት ነው ሥራው፤
የመኪናው ሥዕል ይጠፋና የገዛ ፊቴን ነው የማነሳው።

ከዚራ፣ በረንዳዬ ላይ ነጭ አንሶላ ዘርግቼ፣
አራት ጠጠር ባራት ጥግ ጭኜ፣ ነፋሱን ፈርቼ፣
ጉልበቴ እየጮኸ፣ ስልኬን ዘቅዝቄ፣
አንድ ባንድ አነሳለሁ፣ ትንፋሼን አምቄ።

የመኪና ካርዶች ናቸው፣ በማስቲካ ውስጥ የመጡ፣
ከጅቡቲ በባቡር፣ ከጆንያ ሥር ተደብቀው ቀረጥ ያመለጡ፣
ታይዋን ሱቆች ደጃፍ በሳንቲም የተሸጡ።
በጀርባቸው ዓረብኛ፣ በጥጋቸው ቁጥር፤
ከአንድ እስከ ዘጠና ስድስት። ስድሳ ሦስትን ያየ የለም በዚህ ምድር።

የእህቴ ልጅ ሂክማ ናት ይህን ያመጣችብኝ፤
"አጎቴ፣ ሣጥን ውስጥ ምስጥ ከሚበላብህ
ኢንተርኔት ላይ ስቀለው፣ ያለው ሰው ይለውጥህ" አለችኝ።
ሦስት ማህደር ከፈተች፣ ጻፈች በየስማቸው፦
"ደብል"፣ ሁለት ሦስት ያሉኝ፣ እጄ የማይሳሳላቸው፤
"የምፈልገው"፣ ባዶ ቦታ፣ ቁጥር ብቻ ያላቸው፤
"አይለወጥም"። እነሱን ተዉአቸው።

እኔ ደግሞ ሕግ አወጣሁ፤ ሂክማ ሳቀችብኝ።
የታጠፈ ጥግ ካለ፣ ጥጉ ለብቻው ይነሳ፤
ሻይ የነካው ካለ፣ ሻዩ ይታይ፣ አይረሳ፤
ቀለም አድምቆ ማሳመር፣ ማንም እንዳይሞክርብኝ፤
ለዋጭ ያየውን ይውሰድ፣ ኋላ እንዳይረግመኝ።

እውነትም ሰው መጣ።
ሐረር፣ ጁገል ውስጥ፣ አው ዘከሪያ የሚባል፣
መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፍቶ ያረጀ፣ መኪና የሚሰበስብ፦
"ሰላሳ አራትን ላክልኝ፣ እኔ ሰባትን እሰጣለሁ፤
ጀርባዋን ግን አሳየኝ፣ ፊት ብቻ አይቼ ተሸውጄ አውቃለሁ።"
ፖስታዋ ባዶውን በሚመለስ የጫት መኪና ደንገጎን ወጣች፤
በማግስቱ ሰባት ቁጥር በዚያው መንገድ ወረደች፣
በብጣሽ ሐር ተጠቅልላ፣ ሽቶ ሽቶ እያለች።

"ጀርባዋን አሳየኝ" ያለው ቃል ነው ያመጣው ጣጣ።
ደብሎቹን እየገለበጥኩ አርባ አንድ ላይ ስደርስ፣
ቢጫዋ ታክሲ፣
ጀርባዋ ላይ በእርሳስ፣ እንደ ቡችላ እግር በተጣመመ ፊደል፦
"የኢድሪስ ናት። የነካ ወዮለት።"

ጨዋታው እንዲህ ነበር፤ ካርዷ መሬት ላይ በሆዷ ትተኛለች፣
በመዳፍህ ትመታታለህ፣ ከተገለበጠች ያንተ ነች።
ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ ወንዙ በደረቀበት፣
ኢድሪስ ታክሲዋን አስይዞ ተራው እኔን በደረሰበት፣
እንድትጣበቅልኝ መዳፌን በምራቄ አርሼ መታሁ።
ተገለበጠች። "በላሁ!" ብዬ ጮህሁ።
አየኝ። እጄን አየ። ምንም አልተናገረም።
አሸዋውን ከጉልበቱ አራግፎ ሄደ፣ ዞሮም አላየኝም።
በዓመቱ አባቱ ወደ አይሻ ተቀየረ፣ የባቡር ሰው ነው፤
ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን የቆጠረ ማነው?

ታዲያ ይህችን የት ልክተታት?
"ደብል" ብላት፣ እንደሷ ያለች ሌላ የለችኝም፤
"አይለወጥም" ብላት፣ መከልከል የባለቤት ነው፣ እኔ ባለቤት አይደለሁም።
አንዱ ጠጠር ተንከባለለ፣ አንሶላው ተነሳ፣ ፀሐይ አዘቀዘቀ፣
ስልኬ አራት በመቶ ላይ ደርሶ አስጠነቀቀ።

"አራተኛ ማህደር ክፈቺ" አልኳት።
"ምን ብዬ?"
"የሰው።"
አንድ ፎቶ ብቻ አለበት፤ ፊቷን አላነሳሁም፣
ታክሲ መሆኗን እንኳ ለማንም አልተናገርኩም፤
ጀርባዋን ነው፣ ጽሑፉን ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

እስካሁን ሦስት ሰው "በስንት?" ብሎ ጠይቋል።
አው ዘከሪያ ብቻ (ልብስ ሰፊ ነውና ገበሩን ያውቃል)
"ስድሳ ሦስትን ባገኝ እንኳ በዚህች ለውጠኝ አልልህም" ብሎ ጽፏል።

ካርዷ ሣጥን አልገባችም።
መስኮቱ ደፍ ላይ፣ በሆዷ፣ እንደ ጨዋታው ተኝታለች፤
ሂክማ ባለፈች ቁጥር ልትመታት እጇን ታነሳለች።
"እጅሽ ደረቅ ነው?" እላታለሁ።