ግማሽ በግማሽ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ማሽላ አዳቀልሁ፣
በወረንጦ ጫፍ ወንዴውን ነቀልሁ፣
ሴቴዋን በወረቀት ከረጢት ከለልሁ፤
በመጨረሻም መርሳ ከተማ ላይ ተከልሁ
ራሴን፣ ከፓፓያው ሥር፣ በሽቦ ወንበር።
ቀን ቀን ደኅና ነኝ፤ ሌሊት ግን ጉልበቴ ይፋጅ ነበር፣
የዶሮ ጩኸት ስቆጥር ነበር የማድር።

የእህቴ ልጅ አንዋር፣ የኤፍኤስአሩ ሾፌር፣
ከሻሸመኔ ሲመለስ በክብሪት ቀፎ አመጣልኝ አንዲት ዘር።
«አጎቴ፣ ድቅል ናት» አለኝ በሹክሹክታ፣
«ግማሿ ያነቃል፣ ግማሿ ያስተኛል በርጋታ፤
ሚዛኗ የተጠበቀ ነው፤ ለሕመም ትሆናለች።»
ዘሯን አገላበጥሁ፤ እንደ ድንቢጥ እንቁላል ዝንጉርጉር ነበረች።

ሳቄን ዋጥሁ። ድቅል ምን እንደሆነ ሊነግረኝ!
ይመር አራጋው ነኝ፤ ዘሐራ የወለደችኝ።
በቤታችን ግድግዳ ሁለት ቢላ ነበር ተሰቅሎ፣
አንዱ ቢስሚላህ ብሎ፣ አንዱ በስመ አብ ብሎ፤
በዓል በመጣ ቁጥር አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ ይቀራል፣
እኔን ግን ከሁለቱም በግ ኩላሊቱ ይደርሰኛል።

ስለዚህ ሚዛን ሲሉኝ እጠረጥራለሁ።
በመዝገቤ እኩል የወጣ ድቅል አላየሁ፤
አንዱ ቁመቱን ከአባት፣ ጣዕሙን ከእናት ወስዶ፣
ሌላው የሁለቱን ድካም ይዞ፣ ለወፍ ተዋርዶ።
ሁለተኛው ትውልድማ ጉድ ነው፣ ይበተናል፤
ያልጠሩት ቅድመ አያት ከመስመር መሐል ብቅ ይላል።

ሆኖም ዘር ዘር ነው። በእርጥብ ሶፍት ጠቀለልኋት።
በሦስተኛው ቀን ነጭ ጅራቷን አየኋት።
የዘይት ጣሳ ታችውን በምስማር በሳሁ፣
የወንዙን ደለል ከፍየል በጠጥ ጋር ለወስሁ፤
ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ፣ ፀሐይ ከረፋድ እስክትገባ፣
አስቀመጥኋት፤ ሽታዋን ይሸፍን ብዬ፣ በሶብላ መሐል፣ እንደ ሌባ።

ቅጠሏ ሦስት ጣት፣ አምስት ጣት፣ ኋላም ሰባት ጣት አወጣ፤
ደብተሬም፣ እንደኔ ጡረታ ላይ ያለው፣ ከሣጥኑ ወጣ።
ዓርብ፦ አንድ ክንድ ከስንዝር። ዓርብ፦ ሁለት ክንድ።
ሽታዋ ሎሚና ናፍጣ፤ አንዋር ገበያ ደርሶ ከጋቢናው ሲወርድ።

ትርንጎ ጎረቤቴ፣ በአጥሩ ሽንቁር አንገቷን አስግጋ፣
«ምንድን ነው እሱ፣ ጋሼ?» አለች፣ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ።
«የውጭ አገር ሱፍ ነው።»
«ሱፍ?» ዝም ብላ ቆየች።
«እሾሁ የታለ?» አለች።
ተንተባተብሁ፦ «አዳቅለው... እሾሁን... አወጡለት።»
«አይ የፈረንጅ ነገር!» ብላ ሄደች፣ ሳቋን ነክሳበት።

ነሐሴ ሲጋመስ፣ ከግንዱ አንጓ ላይ፣
መነጽሬን ጠርጌ ባይ፣
ትንንሽ ኳሶች፣ እንደ ጎመን ዘር፣ ዘለላ ዘለላ።
ማጉያም አላሻኝ፣ ምስክርም ሌላ።
ወንድ ነው።

ወንድ ነው! ለወንድ ልጅ ሰባት እልልታ ነው ደንቡ፤
ለዚህ ግን መድኃኒት የለ፣ ዱቄት ብቻ ነው ግቡ።
ያ ሁሉ ወረንጦ፣ ያ ሁሉ ከረጢት፣ ስንቱን ወንዴ የነቀልሁ፣
በስተርጅና አንዱን በፍየል በጠጥ አቀማጠልሁ!

አንዋር ከሚሌ ደወለ፦ «እንዴት ሆነች፣ አጎቴ?»
«ወንድ ሆነች» አልሁት፤ ሳቁ ደረሰ እስከ ጉልበቴ።

በነጋታው ከሥሯ ነቀልኋት (ነቀልሁት፣ ልል ነበር)
ቀስ ብዬ፣ ዱቄቱ ሳይበር፤
ጉድጓድ ምሼ አለበስሁት ደለል።
ጉልበቴ? እንደ ነበረው ነው፤ አልዋሽም፣ ተሽሎኛል አልል።
ደብተሩን ስዘጋ ግን አንድ ነገር አየሁ፦
ከሰኔ ወዲህ የዶሮ ጩኸት አልቆጠርሁ።

ማምሻውን ትርንጎ መጣች። ባዶውን ጣሳ አየት አደረገች፣
ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፣
እፍኝ ነጭ ዘር መዳፌ ላይ ገለበጠች።
«ሱፍ ካማረዎት» አለች፣
«እሾህ ያለው ይኸውልዎት።»