አሥራ ሁለተኛዋ ደቂቃ

ከአዘዞ ስነሳ ምንም የለብኝም፣
አስፋልቱ ጤዛ ነው፣ ባጃጅ አይታይም፣
እግሬ የራሴ ነው።
አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጥር፣
ሁልጊዜ እዚያው ላይ፣ ሳይጎድል ሳይጨምር፣
ከቅልጥሜ ጎን ያለው ሥጋ ድንጋይ ይሆናል፤
አውራ ጣቴ ይደነዝዛል፤
መርገጫዬ ጠፍ፣ ጠፍ፣ እንደ ላላ ሸበጥ ያጨበጭባል።
አሰልጣኝ ዘገየ ሰዓቱን ያያል፤
የገዛ ስሙ ዘገየ ሆኖ፣ እኔን «ዘገየሽ» ይለኛል።

ስቆም ይለቀኛል። ክፋቱም ይኼው ነው፤
ሲቆሙለት የሚሸሽ ሕመም ምስክሩ ማነው?
ወጌሻው በቅቤ አሸኝ፤ «ጅማትሽ ዞሯል» አለ።
እናቴ ዓይን ነው ብላ ስለት ተሳለችልኝ፤
ራጅ አጥንቴን አይቶ «ደህና ነሽ» አሰኘኝ።
ጓደኞቼ ስንፍና አሉት፣ በሌለሁበት፤
አንዷ ነገረችኝ፣ ሙዟን እየላጠች፣
ያዘነች መስላ።

ዶክተር መቅደላዊት ግን እግሬን አልጨበጠችም።
«ውጪና ሩጪ» አለች፣
«እስኪያምሽ። ሳያመልጥሽ ይዘሽው ነይ።»
የሆስፒታሉን ግቢ ዞርኩት፣
ሳህን በያዙ አስታማሚዎች መካከል፤
እያነከስኩ ስገባ መርፌዋን ሰካች፣ ቁጥሩን አነበበች።
«ሥጋሽ ደህና ነው። ሲሮጥ ያብጣል፣ ወጉ ነው።
የጠበበው ልባሱ ነው፤
ልጁ አድጎ፣ እናት ያልቀየረችለት ጫማ።»

የቀጠሮው ቀን ነቅቼ ተጋደምኩ። ቅባቱ ይቀዘቅዛል።
ስክሪኑ ላይ እግሬ ግራጫ፣ ድርብርብ፣
ነሐሴ ላይ ከጎሃ እንደሚታይ የደምቢያ ሜዳ፣
ጉም በጉም ላይ፤
መካከሉ ላይ አንዲት ነጭ መስመር።
«ያቻት» አለች።
ዓመት ሙሉ ሰዓቴን የበላች፣ ክር የምታህል!
«ይኼ ነርቭ ነው፤ እሱን እንለፈው።»
እጇ እግሬ ላይ፣ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ፤
ምስር በምታህል ቀዳዳ ስለት ገባ፤
አቡጀዲ ሲተረተር ሰማሁ፣ ከውስጥ፣ በአጥንቴ፤
ነጯ መስመር ተከፈለች፤
ሥጋዬም ቀበቶውን እንደፈታ ሰው
ከፍ አለ፣ ተነፈሰ።

ዛሬ ከአዘዞ ተነሳሁ። ጠባሳው ይበላኛል።
ከወፍጮ ቤቱ አጥር ደረስኩ፤ አሥራ ሁለት።
ልማድ ሆኖብኝ ቆምኩ።
ጠበቅሁት።
አልጠበቀም።
ከኋላዬ «ዘገየሽ!» ይላል ዘገየ፤
ዛሬስ እውነቱን ነው።