እግር ጠባቂ

በማታ ፈረቃ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
የክር ጋሪው ስቶ ቅልጥሜን ሲነካ፣
ዘጠኝ ቦታ ሰፉኝ፤ ሰውም ጨርቅ ነው ለካ።

ነርሷ ፋሻ ስባ፣ ፕላስተር ለጥፋ፣
«ውሃ እንዳታስነካው፣ መግል ይዞ እንዳይከፋ፤
እስከ መጪው ሐሙስ» አለች ካርዴን ጽፋ።

ታዘዝኩ።
ቀን ቆጠርኩ ባልጋዬ እንደ ጾመኛ ሰው፣
ሐሙስ ግን ሩቅ ነው።
«ደብረ ብርሃን ብርዱ ላብ መቼ ያወጣል» እያለ የሚያወራ፣
አንድ ሌሊት ይደር፣ ካንሶላዬ ጋራ።

ቅዳሜ ደረሰ።
የፈረቃ ጓዴ፣ ነገ ክርስትና፣
«ልጄን አንሳልኝ» ብሎ ለምኖኝ ነበርና፣
እንዲህ ሸትቼ እንዴት ልቀፍ የአርባ ቀን ጨቅላ፣
ሜሮን የሚቀባ ገላ?
በአንድ እግሬ እያነከስኩ፣ ከመናኸሪያው ኋላ
ሻወር ቤት ገባሁኝ።

አራት ክፍል፣ አንድ በርሜል፣ ከሥሩ እሳት፤
ከበሩ ላይ በርጩማ፣ ከበርጩማው እትዬ ማንያህልሻል፣
እጇ ሂሳብ ሲቀበል ዓይኗ ቁስል ይሻል።

«ቁም!» አለችኝ። «መቼ ተሰፋ?»
ነገርኳት።
ፌስታል መዘዘች፣ አፉን በአፏ ገጥማ ነፋች፣
ፊኛ ሲመስል ከጉንጯ አስጠጋች፣
ትንፋሽ ያመልጥ እንደሆን በቆዳዋ አዳመጠች።
ቀዳዳ ነበረው፤ ጣለች።
ሁለተኛውም አልያዘ።
«የዘንድሮ ፌስታል እንደ ዘንድሮ ሰው፣
ምስጢር አይቋጥርም፣ ሳታዪው አፈሰሰው!»
ሦስተኛው ያዘ።

ከግድግዳው ምስማር፣ ተሰቅሎ በተርታ፣
የካላማዳሪ ቁራጭ፣ ዱቄት የተቀባ፤
ወፍራሙ ለጭን ነው፣ መካከለኛው ለባት፣ ቀጭኑ ለክርን፤
ከሁሉ ወዲያ ጥጉ ላይ፣
ከአምባር የማትሰፋ አንዲት፣
ደርቃ የተሰነጠቀች።

«ይህቺስ የማን ልክ ናት?» አልኳት።
ፌስታሉን ማጠፏን አላቆመችም።
«የዘቢደር» አለች።
ሌላ ቃል አልጨመረችም።
መካከለኛውን አውርዳ ከጉልበቴ ሥር አሰረች፣
«ደምም መንገድ ይፈልጋል» ብላ
አንድ ጣቷን በማሰሪያው ሥር አሳልፋ ለካች።

«በል ግባ። እግርህን ግን ለኔ ተው።»

በሩ ከታች አንድ ክንድ ተቆርጧል።
እኔ ከውስጥ፣ ከቢራ ሳጥን ላይ፣ ራቁቴን፤
እሷ ከውጭ፣ ከጉልበቷ ላይ፣ አንድ እግሬን።
ውሃው ሲወርድብኝ፣ ድፍን ሳምንት ሲለቀኝ፣
አላፊ አግዳሚው ሲጠይቃት ሰማሁ፣ ሳቄም ተናነቀኝ፦

«የማን እግር ነው?»
«ባለቤቱ እስኪወጣ፣ አደራ ነው።»
«አይሸጥም?»
«ስፌት አለበት፣ አያዋጣህም፤ እለፍ!»

አንዲት ጠብታ ሾልካ፣ በጭኔ ቁልቁል ስትጣደፍ፣
ገና ከማሰሪያው አፋፍ፣
በነጠላዋ ጫፍ ቀለበቻት።

እሁድ ልጁን አቀፍኩ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተትኩ።
ቄሱ ጸበል ሲረጩ፣ እግሬን ወደ ኋላ ሳብኩ፤
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
ሐሙስ አልደረሰም።

ደረሰ ሐሙስም።
ነርሷ ፋሻውን ፈታች፣ ጎንበስ ብላ አየች፤
ደረቅ ነው፣ እንደ ጥር አውድማ።
«ገላህን ታጥበሃል፣ ጠረንህ ይናገራል፤
ጠብታ ግን አልነካው! ለመሆኑ ማን አስሮልሃል?»

«ማንያህልሻል» አልኳት።

አንገቷን ሰበር አረገች፣ ጉንጯም ትንሽ ቀላ፤
አዲሱን ፕላስተር ለጠፈች፣ በሁለት ጣቷ አባብላ።

እኔም አላረምኳት።