በሁለት ክር መሃል

ነሐሴ፣ ሞንቴቪዴዮ። ነፋሱ ከሜዳ ተነሥቶ ወንዙን ይገፋል፤
ማዕበሉ ከድንጋዩ ዘሎ የመንገዱን መኪና ያጥባል፣ ያልፋል።
ኔልቢያ ኡምፒዬሬስ በብብቷ ቴርሞሷን አጥብቃ ይዛ
አራቱን ፎቅ ወጣች፤ ስድስት ሳምንት ቀርታ፣ በብርድ ደንዝዛ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ይኸው ነው፤ ከሆስፒታል በበረዶ የሚመጣ፣
የክብሪት እንጨት የሚያህል፣ ከማሕፀን ግድግዳ ተቆርጦ የወጣ
ብጣሽ ሥጋ። ላይና ታቹን በሐር ክር ታስራለች፣
በሞቀ ጨው ውኃ ውስጥ ከብዕሩ ክንድ ጋር ታቆራኛለች፤
ከሥር አየር ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ትጠብቃለች።

አንድ ሰዓት፣ ምንም።
ሁለተኛው ሲጋመስ ብዕሩ ይነቃል፤
ከሜዳው ተነሥቶ ዳገቱን ቀስ ብሎ ይዘልቃል፣
ጫፉ ላይ ጥቂት ቆሞ የያዘውን ይለቃል።
ማንም አልነካው፤ ነርቭ የሚያዘው፣ የሚጮህበት አፍ የለው፤
ባለቤቲቱ ልጇን ታቅፋ ቡሴዮ ሰፈር ገብታለች፤ እሱን ማን ይንገረው፣
ምጡ እንዳለቀ?

ለተማሪዎች ስታስረዳ ቃል አታበዛም፦
«ዘጠኝ ወር ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ሥራ ነው፣ እንቅልፍ እንዳይመስላችሁ።
ሴል ሁሉ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ጎረቤቱን አያውቅም።
ቀኑ ሲደርስ ግድግዳው ይበሳል፣ ደጅ ለደጅ ይከፋፈታል፤
ካልሲየም ባንዱ በር ሲገባ ወሬው መንደሩን ያዳርሳል፤
በየፊናው የኖረው እልፍ ሁሉ ባንድ ገመድ ይጎትታል።
መልቀቁን ግን አትርሱ። ካልለቀቀ ልጁ ይታፈናል።
ከወለደች ወዲያ ደግሞ ካልጨበጠ፣ የእናት ደም ፈስሶ ያልቃል።»

ዊልማር፣ የማያፍረው ተማሪ፣ «ማነው ጀምር የሚለው?» አላት።
«ልጁ ነው ይላሉ፤ ሳንባው ሲበስል ከውስጥ ይልክላታል መልእክት።
እርግጡን ገና አናውቅም።»
እኛ ደግሞ ለስድብ አዋልነው፣
ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ብለን።
ተራቹ ለካ ሳያውቅ አውቆ ነው።

ይቺ ከተማስ ብትሆን! በየአገሩ፣ በየማዋለጃው
የምጥ ጉልበት ሲለካ በስሟ ነው የሚጠራው፦
ባሥር ደቂቃ ስንቴ፣ በምን ያህል ኃይል፤
መቶ ሞንቴቪዴዮ፣ ሁለት መቶ ሞንቴቪዴዮ ይባላል።
ሌላው ከተማ በጦር ስሙን ያስጠራል።

ኔልቢያ አልወለደችም።
ያፈራችው ሰባት ማዮማ ነው፤ እንደ ክር ኳስ የተድበለበለ፣
ያው ጡንቻ፣ የሚገፋው ሲያጣ በራሱ ዙሪያ የተጠቀለለ።
ወር በወር ደሟ ሲፈስ፣ ፊቷ ሰም ሲመስል፣
ደረጃው አራት ፎቅ መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው።
«ይህንን ወዴት እንላከው?» አለች ሐኪሟ ኢቴልቪና፣ ቀልድ ብጤ።
«ወደ ሥራ ቦታዬ።»
ፈረመች። ስሟ ተፋቀ፣ ቁጥር ተጻፈ።

ዛሬ መሳቢያዋ ውስጥ ጥቅል ወረቀት አገኘች፤
ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ ማስመሪያና እርሳስ አነሣች።
እንደ ማንም ሰው ወረቀት ታነበው ጀመር።
ሜዳ። አሁንም ሜዳ።
ከዚያ አንዲት ጉብታ፤ ዝቅ ያለች፣ ጎኗ የተጣመመ።
ቀስት አለ፦ ኦክሲቶሲን የተጨመረበት። ብዕሩ እምብዛም አልተነቃነቀም፤
ያልጸነሰ ማሕፀን ያንን ጥሪ አጥርቶ አይሰማም፣
ይህን ታውቃለች፤ ራሷ ናት የምታስተምረው።
ግን ወረቀቱ አላለቀም። ሦስት ክንድ፣ አራት ክንድ፣
ሌሊቱን ሙሉ፣ ሳይጠሩት፣ የሚገፋው ሳይኖር፣
ጉብታ፣ ሜዳ። ጉብታ፣ ሜዳ።

ቀለሙ ጉብታው መሃል ላይ ተቆርጧል።
እዚያ ጥግ በእርሳስ የዊልማር ጽሕፈት አለ፦
«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።
እሱ አላቆመም።»