አስር ኪሎ

ፑኖስ ነኝ፣ ጌታዬ፤ የቁንዶ በርበሬ ነጋዴው፣
ኬራላ፣ ከጀልባ መቆሚያው፣ ከድልድዩ ማዶ ነው።
ታውቀዋለህ አንተ፤ አድራሻ መንገሬ
ወሬ እንዲረዝም ነው፣ እንዲዘገይ ነገሬ።

የአባቴ ውርስ ብዙ አልነበረም፤
ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ ወንበር፣ የክረምት ዝናም
ያሳበጠው በር፣
ደግሞም ይህ ሚዛን፣ ከነሰንሰለቱ፣ ከጣሪያው ሥር።
አስር ኪሎ ብረት፣ ጀርባው ላይ አክሊል የታተመበት፤
ገልብጠህ ሆዱን ብታየው ግን፣ እርሳስ የጎረሰበት።
“ግማሽ ኪሎ ናት” አለኝ ሊሞት ሲል፣
“እኔም ከአባቴ ነው፤ ካልነካሃት አትነካህም፤ ዝም በል።”

ዝም አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት።
በየአስር ኪሎው ግማሽ ኪሎ ዝምታ ጨመርኩበት።

ከተራራው ይወርዳሉ ገበሬዎች በጥር፣
ጆንያ ተሸክመው፣ ፀሐይ ያደረቀው ፍሬ፣ ጥቁር፤
እኔ በፈገግታ፣ እኔ በሻይ፣ እኔ “ልጆች እንዴት ናቸው?”፣
ሩፒውን ቆጥሬ፣ ደግሜ ቆጥሬ፣ አንዲት ሳላጎድል ስሰጣቸው።

እሑድ እሑድ ደግሞ ከፊት ነው መቆሚያዬ፣
ነጭ ሽርጥ ታጥቄ፣ ታጥቦ ተተኩሶ ልብሴም ገላዬ።
ለዓመት በዓሉ የሐር ጃንጥላ ሰጥቻለሁ፣ ዘርፉ የሚያበራ፤
ስሜን አስጠልፌ፣ ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ ከመስቀሉ በስተግራ።
ሞገስህን ፈልጌ ነበር። ወይስ የገበያ ሞገስ?
ባንድ ከረጢት ከትቻቸው ኖሬ፣ ዛሬ ማን ይለይ፣ ማን ይመልስ?

ባለፈው ማክሰኞ አቻማ መጣች፣ ባሏ የሞተባት።
“ሃያ አንድ ነው” አለች፤ በጤና ጣቢያው ሚዛን፣ ሕፃን በሚለኩበት፣
መዝናው ነበር።
ሰቀልኩት። ሃያ ሆነ። ሁለት ጊዜ አስር።
ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ መልስ ነበረኝ የተዘጋጀ፣
አባቴ ያስተማረኝ፣ አፌ ውስጥ ያረጀ።
እሷ ግን “ይቅርታ” አለች። እኔን!
“መንገድ ላይ ፈሶብኝ ይሆናል፤ ማን ያምናል ይህን ያረጀ ዐይኔን?”

ወጣች። በመስኮት አየኋት፣
ጀልባዋ ውስጥ ተንበርክካ፣ ውሃው ወዲያ ወዲህ ሲንጣት፣
በጣቷ ስትለቅም ያልፈሰሰውን ፍሬ፣
ከእንጨቱ ስንጥቅ መሐል፣ እስኪመሽ፣ እስከ ዛሬ።

ያን ሌሊት ልጸልይ ተነሣሁ፤ ቃል አልወጣኝም፤
ዳዊት ገለጥኩ፤ ፊደሉ አልቆመልኝም።
ስለት ልሳል አልኩ፦ የብር መቅረዝ ለመቅደስህ፤
ከውስጤ አንድ ድምፅ፣ “በማን ሚዛን?” አለኝ፤ “ብሩን ማን ይመዝንልህ?”
ስትናገር ነጎድጓድ ነህ ይሉኛል፤
እኔ የሰማሁት ፍሬ ሲለቀም ነው፤ ጠቅ፣ ጠቅ። እንደዚያ ያንሳል።

ጎህ ሳይቀድ መሮ አነሣሁ፤ የብረቱን ሆድ ፈለቀቅሁ።
የእንቁላል ታህላለች። ይቺ ናት? በመዳፌ ይዣት ቆየሁ።
ወደዚህ ባሕር የመጣው ቶማስ ነው ይላሉ አበው፣
ጣቱን ቁስልህ ዘንድ የዘረጋው።
እኔም ጣቴን ከትቼ ባዶውን ሆድ ዳሰስኩ፤
አመንኩ።

ወንዙ ውስጥ ልጥላት ነበር፤ ተውኩት።
ወንዙ ምን አደረገ?

“አባትህን አክብር” ብለሃል፤ እንዴት ላድርገው ይህን?
ብናገር በመቃብሩ አዋርዳለሁ አባቴን፣
ዝም ብል ደግሞ አንተን።

አሁን ደጇ ላይ ነኝ። ውሻዋ ይጮሃል፤ መብራት ለኮሰች።
እርሳሷ ኪሴን ቀድዳ ልትወርድ ደረሰች።
ሞገስህን አልጠይቅም ዛሬ፤ የምለምንህ ትንሽ ነው፦
በሩ ሲከፈት እግሬ እንዳይሸሽ።
ቀድማኝ “ይቅርታ” ብላለች፤ እኔ ከየት ልጀምረው?