ሳይቀመስ

«በእኔ ድስት አይሆንም» አለች እናቴ፣ ማማሰያ ሳይቀር ቆልፋ፤
ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ ከግድግዳው ጋር ተኳርፋ።
አባቴ ቃል አልወጣውም። ይህን ቀድሞ አውቆ ነበር፤
አዲስ መጥበሻ፣ አዲስ ቢላ፣ ደብቆ ነበር ከአልጋ ሥር።

ሐሙስ ኦርኔላ ደወለች፣ ከለቡ፣ ከኪራይ ቤቷ፤
ቪላው ከተሸጠ ወዲህ አንድ ክፍል ናት ርስቷ።
«ደምሳሽ፣ ያቺን የእሑድ አሳማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለችው፣
«ወይ እኔ ሳልሞት፣ ወይ አንተ» ብላ በሳል መሐል አሳቀችው።

ሥጋውን ከቢሾፍቱ መንገድ፣ ከአንድ አርቢ ነው ያገኘነው፤
ሻጩ ራሱ «ለውሻ ነው?» ቢለን፣ አባቴ «ለወይዘሮ ነው።»

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ አርባ ሦስት፤ ከአራተኛ ፎቅ ወረድን፣
ለፋሲካ በግ የሚታረድበትን የጋራ ቤት ከፈትን።
እኔ ከሰሉን በፌስታል፤ እሱ ሥጋውን እንደ ሕፃን አቅፎ፣
በጥበቃው ፊት በኩራት፣ በጎረቤት ፊት ተጣጥፎ።

እንስላሉን እኔ ነቀልኩ፣ ከአስፋልቱ ማለቂያ፣ ከቦዩ ዳር፤
እዚህ ሰፈር ማንም አያየው፣ ከካቲካላ አውጪዎች በቀር።
የጥብስ ቅጠል ከጥበቃው አጥር፣ ነጭ ሽንኩርት ከጉልት፣
ወይኑም ግማሽ ጠርሙስ ነው፣ የተረፈ ከሠርግ ዕለት።

ቆዳውን በቢላው ጫፍ እንደ ደብተር አስምሮ፣
እንስላሉን ከጨው ወቅጦ፣ ሥጋው ሆድ ውስጥ ቀብሮ፣
በሲባጎ ሸበበው፣ እንደ ነዶ ጠፍሮ።
ከዚያ ጆሮውን አዘነበለ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ወጥ ቤት ነበር በዚያ ቪላ፤
አንድ ቀን፣ አንዲት ጉርሻ እንኳ ከዚህ ሥጋ አልበላ።
የሃይማኖቱን ነገር ለማንም አልሰበከም፣
«አይሆነኝም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልጨመረም።
ታዲያ በምን ያውቀዋል? በጆሮው ነው የሚቀምሰው፤
ስቡ እንደ ክረምት ቆርቆሮ ሲንጣጣ «ገና ነው» ይላል ለሰው፤
ድምፁ ወፍሮ ሲሰክን ግን፦ «አሁን ወይኑን አፍስሰው!»

ሽታው ደረጃውን ወጣ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፤
ወይዘሮ ጥሩአየር ብቅ አሉ፦ «ያለ በዓል የማን በግ ነው የሚታረድ?»
አባቴ ቀና ሳይል «የእንግዳ ነው» አለ፣ እውነቱን፤
እሳቸውም «የእግዜር እንግዳ!» ብለው ዘጉ መስኮቱን።
በኋላ ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ሳምንት ሙሉ ሰላም አላሉን።

ኦርኔላ በስምንት ሰዓት መጣች፣ በላዳ፣ በትር ይዛ፤
አራት ፎቅ አትወጣም፣ እዚያው ታች
ከውሃ ታንከሩ ሥር ዘረጋንላት ጠረጴዛ።
አባቴ በጥንቱ ወግ፣ በፕላስቲክ ሳህን ላይ ቆራርሶ፣
በግራዋ በኩል አቀረበ፣ ነጭ ፎጣ ክንዱ ላይ አልብሶ።

ቆዳው ጥርሷ ላይ ሲሰበር ከቆምኩበት ተሰማኝ፤
ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች። የምታለቅስ መሰለኝ።
ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች፣ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጣች፣
ነቅነቅ፣ ነቅነቅ አድርጋ ሥጋው ላይ ጨው በተነች።

የአባቴ ፎጣ ከክንዱ ወደቀ።
«ሁልጊዜ ነው?»

«ሁልጊዜ፣ ደምሳሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ።
ከጠረጴዛው ሥር ነበረኝ፤ ያውቁ ነበር እንግዶቼ ሁሉ።
ጀርባህን ስታዞር ብቻ ነበር የምንጨምረው፤
ሳይቀምስ ለሚያበስል ሰው፣ ጨው ማነሱን ማን ይንገረው?»
«ዛሬስ?»
«ዛሬማ ደመወዝተኛዬ አይደለህ» አለችና ቆረሰች ሌላ፤
እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ዳቦና ሰላጣ ሊበላ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ከቆመ በኋላ።

አመሻሽ ላይ ከቧንቧው ዘንድ መጥበሻውን ሊፈትግ ሄደ፤
ከታቹ የቀረውን ስብ አየ፤ ጣቱ ወደዚያ ወረደ፤
ቆመ። ተመለሰ።
ከኪሱ ቆንጥሮ ጨው አወጣ፣ ጣል አደረገበት፣
ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ፣
የጨው ድምፅ ካለ ሊሰማ።

እናቴ ከአራተኛ ፎቅ፦
«ያ መጥበሻ እዚህ እንዳይገባ! ሰማህ?»
«እየሰማሁ ነው» አለ።